የአራሚ ዱባ

ትናንት የልጄ ልጅ የዱባ ወጡን ሳህን በጣቷ ገፋ አድርጋ “አልበላም” አለችኝ። አልበላም! ያ የሰሊጥ ዘይትና የዱባ ሽታ ገና ከቤቱ ሳይወጣ። ልቆጣት አፌን ከፈትኩና ሳህኑን አነሳሁላት። “ለዓይንሽ ነው” ልላት ነበር። እኔ ይህችን ቃል ከአፌ አላወጣም። ለምን እንደሆነ ልንገርህ፣ ግን አታቋርጠኝ።

መተማ ነው ያደግሁት፣ በደርግ ጊዜ። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ አንዲት የባልትና መምህርት ከመሀል አገር ተመድበው መጡ። ወጣት ናቸው፤ ሙቀቱ አላስቆም አላስቀምጥ ብሏቸው መሀረብ ከእጃቸው አይለይም። ከትምህርት በኋላ ልጆቹን ጤናማ ምግብ እያሠራሁ ላስተምር አሉ። ጥሩ! ግን መቼ? ሰኞ ስብሰባ ነው፣ ማክሰኞ የሰልፍ ልምምድ፣ ሐሙስ የትምህርት ቤቱ እርሻ። ዳይሬክተሩ የተረፈውን ሰጧቸው፤ ረቡዕና ዓርብን።

እስቲ አንተ ፍረድ! ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሥዕል እንቁላል፣ ወተት፣ ጉበት ነው። ቀኑ ረቡዕና ዓርብ። መጀመሪያ ቀን እንቁላል ጠበስን። “ቅመሱ እንጂ!” አሉን። ሃያ ልጅ እጁን ወደ ኋላው አድርጎ ቆመ።

“ቲቸር፣ ጦም ነው እኮ” አልኳቸው።

“መች ጠፋኝ! ቀኑን እኔ ነኝ እንዴ የመረጥኩት?”

እንቁላሉ በሙሉ ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሄደ። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፣ ረቡዕ አያግዳቸውም። “አላህ ይስጥልኝ፣ ዓርብም ይህንኑ አስተምሯቸው” ብለው መረቁ። ዓርብ ወተት አፈላን፣ እሱም ለዘበኛው። እንዲህ እንዲህ እያልን ጨው ሳንቀምስ መመጠን ተማርን፣ ያ ሁሉ ትምህርት ያወፈረው ግን ዘበኛውን ብቻ ነው።

ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ የባሰው መጣ። ለምግቡ ትምህርት አብሮኝ የሚቀረው ታናሽ ወንድሜ ዳፍንት ያዘው። ስምንት ዓመቱ ነበር። ቀን እንደ ፍየል ሲዘል ይውልና ጀንበር ስታዘቀዝቅ ግድግዳ እየዳሰሰ ይሄዳል። ለዳፍንት ጉበት እንደሚሰጥ እናቴም አታጣውም። “ፋሲካ ይድረስ፣ ፍየል አይጠፋም” ትላለች። የንስሐ አባታችንን ብትጠይቅ ይፈቅዱላት ነበር፤ መጠየቅ ግን መናገር ነው። “ልጆቿ ጠግበው አያድሩም ሊያሰኙኝ ነው? ትንፍሽ ብትይ ወዮልሽ!” አለችኝ።

ጎጇችን ጣሪያ ላይ ደግሞ ከሰሊጡ ማሳ የመጣ ዱባ ተደርድሯል። ታዲያ ዱባ በእኛ ሰፈር የአራሚ ምግብ ነው። ከደጋ ለአረም የሚመጡት የቀን ሠራተኞች ማሳ ላይ ቀቅለው ይበሉታል፣ የተረፈውን አህያ ይበላዋል። ባለ እርሻ ዱባ ሠርቶ በላ ከተባለ ቤቱ ተራቁቷል ማለት ነው። ኤዲያ! ለዓይን ዱባም እንደ ጉበት ይበጃል፤ መድኃኒቱ ራሳችን ላይ ተቀምጦ ልጁ ግድግዳ ይዳስሳል።

አንድ ዓርብ ድስት ስናጥብ መሸብን። ወንድሜ በሩን ፍለጋ እጁን ዘርግቶ ሲሄድ መምህሯ አዩት። ሁለት ጣታቸውን ፊቱ ላይ አቆሙና “ይሄ ስንት ነው?” አሉት።

“ሦስት” አለ።

“እየቀለደ ነው ቲቸር” አልኩ እኔ።

“አንቺ ልጅ፣ ወንድምሽ ታውሮ ቢቀር ከማን ጋር ልትቀልጂ ነው?”

ያኔ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። የእናቴንም፣ የጣሪያውን ዱባም፣ ሁሉን ዘከዘክሁላቸው። መምህሯ ሰምተው ሲጨርሱ ያንን ሥዕል ከግድግዳው አወረዱት። ገልብጠው በጀርባው በከሰል ትልቅ ዱባ ሣሉበት። “ከረቡዕ ጀምሮ ሁሉም ልጅ ዱባ ይዞ ይምጣ” ብለው አወጁ። የሁሉም ሲሆን የማንም ነውር አይደለም። እናቴ እንኳ “የመንግሥት ትምህርት ከሆነ ምን ይደረጋል” ብላ ትልቁን መርጣ ሰጠችኝ፣ በነጠላ ሸፍና።

ግመል መጭመቂያውን እያዞረ በጨመቀው የሰሊጥ ዘይት ሽንኩርቱን አቁላልተን ዱባውን ጨመርንበት። ክፍሉን ያ ሽታ ሞላው። ሃያ ልጅ ጣቱን እየላሰ ሲበላ፣ ዘበኛው “እንቁላሉስ?” እያሉ በበሩ ብቅ ሲሉ፣ ማን ግግም ቢል ጥሩ ነው? ወንድሜ! “ወጥ እንደ ስኳር ይጣፍጣል እንዴ? አልበላም!” አለ። ጉንጩን ይዤ አጎረስኩት፣ ተፋው። ጭኑን ቆነጠጥኩት። “ብላ! ለዓይንህ ነው!” እያልኩ ረቡዕ ታገልኩት፣ ዓርብ ታገልኩት፤ ውሎ አድሮ የቀረውን ቀን እናቴም በሯን ዘግታ ዱባ መሥራት ጀመረች።

ለፋሲካ ጥቂት ሲቀር ነው፤ አመሻሽ ላይ ውኃ ቀድቼ ስመለስ ገና ከሩቅ ሳለሁ ወንድሜ ከአጥሩ ላይ ጮኸ። “እታለም፣ አየሁሽ! እንስራሽ ያፈሳል!” እናቴ እልል ልትል አፏን ከፈተችና ጎረቤት እንዳይሰማ በእጇ አፈነችው።

መምህሯ በዓመቱ ተቀይረው ሄዱ። ወንድሜ አደገ። ከዚያ ብሔራዊ ውትድርና መጣ፣ ለምርመራም አሰለፏቸው። ከጎኑ የነበረውን ልጅ ዓይኑ ፈዛዛ ነው ብለው መለሱት፤ እናቱ መሬት ስማ ወሰደችው። የኔው ጅል ግን ግድግዳው ላይ ያለውን ፊደል እስከ ታችኛው ረድፍ አንበልብሎ አነበበላቸው።

“ምነው አንዱን እንኳ ብትስት!” ብዬ ደረቴን ደቃሁ።

“እየታየኝ ምን ልበል?” አለኝ።

በነጋታው ጭነው ሲወስዷቸው፣ እሱ ላይመለስ፣ ጀንበር ልትጠልቅ ነበር። በመኪናው ኋላ እየሮጥኩ ስሙን ጠራሁት። “እታለም፣ አየሁሽ! አየሁሽ እኮ፣ አታልቅሺ!” ሲል ድምፁን ሰማሁት። እኔ ግን በዚያ አቧራ ውስጥ የቱ እንደሆነ አልለየሁትም።