ቲኬት የተቆረጠለት ሞኒተር

ከቢቸና ወደ ሞጣ የሚሄደው የዕለቱ የመጨረሻ አውቶቡስ ሊነሣ ሲል፣ አንድ ጉልበታቸው የማይታጠፍ እናት የጠበል ጀሪካናቸውን ይዘው በሩ ላይ ደረሱ። ረዳቱ ወደ ውስጥ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«እናቴ፣ ሞልቷል። ትርፍ ብጭን ትራፊክ ይቀጣኛል» አላቸው። ወዲያው ግን ዓይኑ መኻል ካለ አንድ ወንበር ላይ ዐረፈ። ወንበሩን የያዘው ሰው አይደለም፤ ብርድ ልብስ ተከናንቦ በገመድ የታሰረ ትልቅ ነገር ነው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ታማሚ ነው?»

«ሞኒተር ነው፤ የኮምፒውተር» አለ ከጎኑ የተቀመጠው ቀጭን ሰው። «ቲኬት ቆርጬለታለሁ።»

«ቲኬት!» አለ ረዳቱ፤ ተሳፋሪው በሳቅ ፈነዳ። «ታዲያ እንዲህ ተከናንቦ ሰላም እንኳ አይልም እንዴ?» አለ አንዱ። «ተዉት፣ የድሮ ሰው ነው፤ ብርድ መትቶት ይሆናል» አለች ሌላይቱ።

ቀጭኑም ሰውዬ ከሰው ጋር ሳቀ። ከዚያ በሩ ላይ የቆሙትን እናት አየ፤ ሞኒተሩንም አየ። አንሥቶ ጉልበቱ ላይ ሊይዘው ሞከረ፤ ግን የእናቲቱ እግር ተዘርግቶ የሚያርፍበት ስፍራ ጠፋ። «በል ጣራ ላይ ስቀለው» አለ ረዳቱን። «አደራ ግን! በጤፉ ጆንያዎች መኻል፣ ፊቱን ወደ ታች አድርገህ።» እናቲቱ ተቀመጡ። ሞጣ መግቢያ ላይ እስኪወርዱ ድረስ ሲመርቁት ሄዱ፤ ሲወርዱም፣ «ያሰብከውን ይሙላልህ ልጄ» አሉት።

ይህን ከኋላ ወንበር ሆኖ ያየ ሰው ነው ይህን ታሪክ የጻፈው። ያን ዕለት ያየው አንድ ሰው ለአንድ እናት ቦታ ሲለቅ ብቻ ነበር። ከቦታው ጋር ምን እንደለቀቀ የሰማው ኋላ ነው፣ ከራሱ ከሰውዬው አፍ።

ሰውዬው ደምለው ይባላል፤ የቢቸና ልጅ ነው። ልጅነቱን በቅኔ ቤት አሳልፏል። ኮምፒውተር ያስተማረው ሰው የለም፤ መሥሪያ ቤቶች የጣሉትን እየፈታና እየገጠመ፣ እየተሳሳተ ነው የለመደው። ከቅኔ ቤት ይዞት የወጣው አንድ ነገር ግን ረድቶታል፤ የሰማውንና ያየውን በቃሉ ይይዛል። የሰርቨር ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲጭን እንኳ፣ ኮምፒውተሩ ገና ሳይጠይቀው መልሱን ያውቀዋል። ቋንቋው፣ የቁልፍ ሰሌዳው፣ ሰዓቱ፣ ስሙ፣ የይለፍ ቃሉ፣ ዲስኩ፤ ሁሉንም እንደ ዳዊት ይደግመዋል።

ነገሩ በ2009 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። የሞጣ ሰዎች አዋጥተው ላቋቋሙት የማንበቢያ ክፍል አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት ኦፕሬቲንግ ሲስተም ገና ያልተጫነበት ሰርቨር አመጣ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ኮምፒውተሮች የራሳቸው ማስቀመጫ የላቸውም፤ መጽሐፉንም ፈተናውንም ከዚያ ሰርቨር እየተቀበሉ ነው የሚያሳዩት። ያለ እሱ ባዶ መሶብ ናቸው። ድርጅቱ ግን፣ «እስከ ዓርብ ካልሠራ ወደ የጥኖራ ከተማ ማንበቢያ ክፍል እናዛውረዋለን፤ እዚያ ባለሙያ አለ» ብሎ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ሙኒያ፣ የሞጣው ነጋዴ የአብዱልዋሂድ ልጅ፣ ስለ ደምለው ሰምታ ደወለችለት። ከቢቸና ውጭ ለሥራ ሲጠራ ያ የመጀመሪያው ነው።

ሰኞ ሄዶ መጫኛው ያለበትን ፍላሽ ሰካ። የመጀመሪያው ገጽ ስክሪኑ ላይ ወጣ። «ጫን» የሚለውን መረጠ። ስክሪኑ ብልጭ አለና ጨለመ፤ በዚያው ቀረ። አጠፋው፣ አስነሣው፤ ያው ነው። ፍላሹን ቀየረ፣ ሚሞሪውን አውጥቶ አጸዳ፤ ያው ነው።

«ስታክ አደረገ ማለት ነው ጋሼ?» አለች ሙኒያ።

«ቆይ፣ እንጠይቀው» አለና የቁጥር መቆለፊያውን ቁልፍ ተጫነ። የቁልፍ ሰሌዳው ትንሽ መብራት በራች። እንደገና ሲጫን ጠፋች። «አየሽ? በሕይወት አለ። ፊቱን ነው ያዞረብን።»

ችግሩ ከግራፊክሱ ነበር። የሰርቨሩ የራሱ የስክሪን መውጫ ስለተሰበረ ድርጅቱ ምስል የሚያወጣ ሌላ ግራፊክስ ካርድ ጨምሮበታል። መጫኛው ያን ካርድ ሲያገኝ፣ ጠፍጣፋው ስክሪን ሊያሳየው የማይችል ሥዕል ይልካል። እንዲህ ያለ ነገር ደምለውን ቢቸናም አጋጥሞት ያውቃል፤ ያን ጊዜ ያዳነው የድሮው ባለ መስታወት ሞኒተሩ ነበር። እሱ የተሰጠውን ሁሉ ያሳያል። ሞጣ ውስጥ እንዲህ ያለ ቢፈልግ አጣ፤ የድሮዎቹን ሁሉ ቁራሌው ጠራርጎ ወስዷቸዋል። ስለዚህ ቢቸና ተመልሶ የራሱን አመጣ። ቲኬት የቆረጠለት ለዚህ ነው።

ረቡዕ ሞጣ ሲደርስ ብርድ ልብሱን ፈታ። ፊቱ ደኅና ነበር፤ ጭረት እንኳ የለበትም። ሙኒያ እጇን አጨበጨበች። ሰክቶ ሲያበራው ግን አንዳች ምስል አልመጣም። ክዳኑን ከፍቶ ወደ ኋላው ተመለከተ። ቀጭኗ የመስታወት አንገት ዙሪያዋን ተሰንጥቃለች።

«መንገዱ ነው?» አለች ሙኒያ።

«መንገዱ ነው» አላት። ስለ እናቲቱ አልነገራትም።

የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ ሰንብቶ ስለነበር መድኃኒቱን ፈልጎ ማንበብ አልቻለም። አዲስ አበባ ላለው ጓደኛው ለምናለ ደወለለት።

«ማሽኑን በምታስነሣበት የትእዛዝ መስመር መጨረሻ ላይ የምትጨመር አንዲት ቃል አለች» አለው ምናለ።

«ማን ትባላለች?»

«እሷን እኮ ነው የረሳሁት። ሁልጊዜ ከኢንተርኔት አይቼ ነው የምጽፋት።»

«አንተ ሰው! አዲስ አበባ ተቀምጠህ አንዲት ቃል ትረሳለህ?»

«እንዳንተ ቅኔ ቤት አልተማርኩ፤ ምን ላድርግህ?»

ደምለው ሌሊቱን ሲያስብ አደረና ሐሙስ አንድ ነገር ቆረጠ። ማሽኑ በሕይወት አለ፤ ይሰማል። እሱ ደግሞ ጥያቄዎቹን በቃሉ ያውቃቸዋል። ሳያይ ሊጭነው ነው!

«እንዴት አድርገህ?» አለች ሙኒያ።

«ማየት የተሳናቸው መምህር ነበሩኝ፤ መጽሐፍ ሳያዩ ነው ያስተማሩን» አላት። ጾም ስለነበር ያለ ቅቤ አሠርታ ያመጣችለትን ምሳ ሳይነካ፣ አማተበና ጨለማው ስክሪን ፊት ተቀመጠ። ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ። ቋንቋ። የቁልፍ ሰሌዳ። ሰዓት። በየመኻሉ ቢቸና ሲጭን የሚቆየውን ያህል እየቆየ፣ አንዱን ቁልፍ ከአንዱ አስከትሎ ተጫነ። ዲስኩ ጋ ሲደርስ ማሽኑ ማጉረምረም ጀመረ። ሙኒያ አፏን በእጇ ያዘች። «እየጻፈ ነው?» አለች በሹክሹክታ። እሱ ጆሮውን ማሽኑ ላይ ለጥፎ ነበር።

ከዚያ ማጉረምረሙ ቆመ። ቁልፍ ተጫነ፤ ምንም። ጠበቀ፤ ምንም። ከመጀመሪያው ደጋገመው። ሁልጊዜ እዚያው ላይ ሲደርስ ዝም ይላል።

ምክንያቱ የገባው ተስፋ ቆርጦ የማሽኑን ክዳን እንደገና ከፍቶ ዲስኮቹን ሲያይ ነው። የቢቸናው ኮምፒውተሩ ያለው አንድ ዲስክ ነው፤ ይኸኛው ሁለት አለው። ስለዚህ «በየትኛው ላይ ልጫን?» ብሎ አንድ ጥያቄ ይጨምራል። ደምለው ያንን ሳያይ የሚቀጥለውን መልስ ሲሰጥ ነበር። አንድ መስመር ቢዘለል ከዚያ በኋላ ያለው ዜማ ሁሉ እንደሚፈርስ የቅኔ ቤት ልጅ ያውቃል። የተዘለለው መስመር ምን እንደሚል ግን አላየውም። አንዱን ዲስክ እንዳይነቅለውም በድርጅቱ ቁልፍ ተቆልፈዋል። እየገመተ ሞከረ፤ ግምት በጨለማ አይሆንም።

ዓርብ የድርጅቱ ሰዎች መጡ። ቁጡ ሰዎች አልነበሩም። «ቃላችን ቃል ነው» ብቻ አሉ። ደምለው ማሽኑን ከነሱ ጋር ተሸክሞ ፒክአፑ ላይ አወጣው። መንገዱን ያውቀዋልና፣ የሞኒተሩን ብርድ ልብስ አምጥቶ ጠቀለለው። ሙኒያ በሩን ይዛ ቆማ ነበር። «አንተ ምን ታደርግ ጋሼ» አለችው። እሱ ገመዱን ደግሞ አጠበቀ።

ጸሐፊው ደምለውን እንደገና ያገኘው ከፋሲካ በኋላ ነው፣ ቢቸና፣ ከቅዳሴ ሲወጡ። ያ ሞኒተር ምን ሆነ ብሎ ሲጠይቀው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀምጦ ይህን ሁሉ አጫወተው።

«ቃሏስ ተገኘች?»

«ኢንተርኔቱ ሲመለስ በመጀመሪያ የፈለግኋት እሷን ነው። ኖሞድሴት ነው የምትባለው። ሥዕሉን ተወውና በተራው ጽሑፍ ቀጥል እንደማለት ነው። ዓይኔ እያየ ሁሉንም ጥያቄ በመለስኩ ነበር። አንዲት ቃል ጋሼ! ስንቱን በቃሌ ይዤ እሷን አጣኋት።»

«ለእናቲቱ ቦታውን ባትለቅላቸውስ ኖሮ?»

ደምለው ሳቅ አለ። «ያን ጊዜ ደግሞ እሳቸው መናኸሪያ ላይ ያድሩ ነበር። ተመስገን ነው፤ በዚያ በኩል እንቅልፍ አላጣም። የሞጣ ልጆች ናቸው የሚቆጩኝ። ሙኒያ አሁንም በየበዓሉ ትደውላለች፤ ስለ ማሽኑ ግን አታነሣም። አለማንሣቷ ነው የከበደኝ።»

ነጠላውን አስተካክሎ ሊነሣ ሲል ተመልሶ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ወደ የጥኖራ ለዘመድ ጥየቃ እሄዳለሁ ብለውኝ አልነበር? አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ማሽኑ እዚያ ነው ያለው፤ ተነሥቶ መሥራት ጀምሯል አሉ። እኔ ልሂድ ብል እግሬ እንቢ አለኝ። እርስዎ አንባቢ ነዎት፤ ገብተው ቢቀመጡ ማንም አይጠይቅዎትም። እዚያ ማንበቢያ ክፍል ገብተው ሰው እያነበበበት እንደሆነ ብቻ አይተው ይንገሩኝ፤ ለሙኒያ የምላት እንዳገኝ።»