በር ያስነቀለ የስፌት መኪና

የብርድ ልብሱን ገበር ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋለች፤ በላዩ የተባዘተ ጥጥ ታነጥፋለች፤ በጥጡ ላይ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተገጣጠመውን ፊት ትደርባለች። እንዳይጨማደድ በመዳፏ ከመሃል ወደ ዳር ትጠርገዋለች። ከዚያ ግራ እጇ ከታች ይገባል፤ የመርፌው ጫፍ ጣቷን ነካ ሲያደርጋት ወደ ላይ ትመልሰዋለች። አራት ጊዜ ወጋ ወጋ፣ አንድ ጊዜ ሳብ። መርፌውን የሚገፋው የቀኝ አውራ ጣቷ ነው፤ እሱ ደግሞ ከዓመት ወዲህ አምፆ ቁጭ ብሏል።

«አሳርፊው» አላት ሐኪሙ። ደግ ሰው ነው። የሰፈሩ ሰው እትዬ ድርብ የሚላት ይህች ሴት አውራ ጣቷን ካሳረፈች ብርድ ልብስ መስፋቷም አብሮ እንደሚያርፍ ግን አልገባውም። ስለዚህ ወይ ሙሉ ብርድ ልብስ የሚያስገባ ባለረጅም ክንድ የስፌት መኪና ትገዛለች፣ ወይ ከሠላሳ ዓመት ሙያዋ ተሰናብታ የባሏን እህት ምክር ስታዳምጥ ትውላለች። ምክሩም አንድ ነው፦ «ለድሪቶ ደግሞ መኪና!»

እንዲህ ያለ ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ጡረታ የወጣ ልብስ ሰፊ ተገኘ፤ ጋሽ አልቀንስም ይሉታል። ዋጋ ሲነሳ ሌላ ቃል አያውቅም። «እንደ ልጄ ነው የያዝኩት» እያለ ጨርቅ ላይ አበባ ሰፋላት። ፊቱ ያምራል። ገለበጠችው፤ በጀርባው ክሩ ተንዘላዝሎ የዶሮ አንጀት መስሏል።

«ጀርባውን ማን ያየዋል፣ የኔ ልጅ?»

«የሚተኛበት ሰው ነዋ፣ ጋሼ።»

የክር ማጥበቂያውን ሩብ ዙር አዞረች፤ ከቦርሳዋ የራሷን ክር አውጥታ ደገመችው። ጀርባውም እንደ ፊቱ አማረ። ጥፋቱ የመኪናው ሳይሆን የጋሼ ዓይን ነበር፤ ይህን ለሻጭ የሚናገር ገዢ ግን ገና አልተወለደም።

የቀረው የቦታው ነገር ነው። መኪናው የሚንሸራተትበት የብረት አልጋ ሦስት ሜትር ከስድሳ ይረዝማል። ክፍሏን ባሏ ለካላት። ሃያ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነውና ማን ይከራከረዋል? የስፌት ሜትሯን ከመሳቢያ መዘዘ፣ ተንበርክኮ ሦስት ጊዜ ዘረጋና «ሦስት ሜትር ከሰባ! ይተርፍሻል እንኳን» አለ። ገዛች።

አራት ሰው ተሸክሞ አመጣው። አልጋው አምስት ሳንቲ ሜትር በበሩ ወጣ፤ በሩ አልዘጋ አለ። ባል ሜትሩን አገላብጦ አየው። ጫፉ ከተቆረጠ ዓመታት ሆኖታል፤ የሚጀምረው ከአምስት ነው። እሷ በለካች ቁጥር አምስት ትቀንሳለች። ሊቁ ግን ሦስት ጊዜ ዘርግቶ ሦስት ጊዜ አምስት መርቆላታል።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መምህር ቁጥር ያነባል ብዬ ነዋ!»

ጋሽ አልቀንስም መኪናውን መልሶ ለመውሰድ ፈቀደ፤ በግማሽ ዋጋ። መቀነስ ለካ ይችላል! የባሏ እህትም «ብዬ ነበር» ለማለት ልብሷን ቀይራ መጣች።

እትዬ ድርብ ካቻቪቴ አነሳች፣ በሩን ከማጠፊያው ነቅላ ግድግዳ አስደገፈችው፣ በቦታው መጋረጃ ሰቀለች። በዚያው ሳምንት ሁለት ብርድ ልብስ ጨረሰች፤ በእጅ ቢሆን የሁለት ወር ሥራ ነው።

እናንተም ልታሠሩ የመጣችሁ እንደሆነ አንድ ልመና አላት፦ «በፈጠራችሁ፣ መጋረጃውን ገልጣችሁ ዘው አትበሉ። ከውጭ ተጣሩና መኪናውን እስካቆም ጠብቁኝ። የአልጋው ጫፍ ደጃፉ ላይ ነው፤ በሆዳችሁ ከገፋችሁት መስመሩ ይጣመማል። የሚጣመመው ደግሞ ምናልባት የራሳችሁ ብርድ ልብስ ነው።»