«ስቲል ፖዘቲቭ»

መጀመሪያ የጠፋብኝ የሽንኩርት ሽታ ነው። ድስቱ አርሮ ቤቱ በጭስ ሲሞላ እኔ ምድጃው አጠገብ ቆሜ ምንም አልሸተተኝም። አባቴ ከሳሎን እየሳሉ መጥተው እሳቱን አጠፉና «ምን ነክቶሻል?» አሉኝ። ወዲያው ትኩሳቱ ጀመረኝ።

የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ስለሆነ ነገሩ አልጠፋኝም። ተመረመርኩ፤ ኮሮና ነው። እዚህ ውጭ አገር፣ ሬክስዴል የሚባል ሰፈር ያለችው አፓርታማችን ባለ አንድ መኝታ ናት። እኔ መኝታ ቤቱን ይዤ በሩን ዘጋሁ፤ አባባ ሳሎን ሶፋው ላይ ቀሩ። ሰማንያን አልፈዋል፣ ሳንባቸውም ደካማ ነው። የፈራሁት የራሴን ሞት አልነበረም። እሳቸውን እንዳልገድላቸው ነበር።

ከዚያ ባሰብኝ። አየር አጠረኝ። መተኛት አቃተኝ። ጣቴ ላይ ያለው የኦክስጅን መለኪያ ቁጥሩ ሲወርድ አለቅሳለሁ። አባባ ሾርባ በር ላይ አስቀምጠው፣ አንኳኩተው ይሄዳሉ። እግራቸው መራቁን ሰምቼ እከፍታለሁ።

በኋላ ትኩሳቱ ለቀቀኝ፣ ትንፋሼ ተመለሰ፣ ሽታም ቀስ በቀስ መጣልኝ። ወደ ሥራ ልመለስ ብዬ ስመረመር ግን ፒሲአር የሚሉት ምርመራ «ቫይረሱ አሁንም አለ» አለ። ደገምኩ፤ አሁንም አለ። ሳምንታት አለፉ። ጤነኛ ሆኜ እንደ በሽተኛ ተዘግቼ ተቀመጥኩ፤ በገዛ ሰውነቴም ተናደድኩ።

አንድ ቀን እዚሁ ተወልዳ ያደገችው ልጄ ቤቲ ለአያቷ ደወለች። በስፒከር ስለነበር ሰማኋት። «ዶንት ወሪ አባባ፣ ማሚ ደህና ናት። ጀስት፣ ስቲል ፖዘቲቭ ናት።»

የዚያን ቀን ምሳ ሰዓት በሩ አልተንኳኳም። ተከፈተ። አባባ ማስክ አላደረጉም። አንድ ትልቅ ሳህን እንጀራ በሽሮ ይዘው ገብተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ።

«ይውጡ አባባ!» ብዬ ጮህኩ።

«አብሮ በመብላት አይተላለፍም» አሉኝ። «ያኔ በሬዲዮ ስንቴ ተነግሯል።»

የሚሉት አልገባኝም። እንጀራ ቆርሰው በሽሮው ጠቀለሉ። «ለወንድምሽ ሳህን ለየሁበት። ብርጭቆውንም። ያንቺን አልለይም።»

ያኔ ገባኝ። ወንድሜ አዲስ አበባ በኤች አይ ቪ ሲሞት የበሽታው ስም ቤታችን ውስጥ አልተጠራም፤ «ፖዘቲቭ ነው» ብቻ ነበር፣ እሱም በሹክሹክታ። ለአባባ ፖዘቲቭ ማለት ያ በሽታ ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ቤቲ ኮሮናው አሁንም አለባት ስትል፣ እሳቸው ኮሮናው ለቆኝ ያ የተገኘብኝ መስሏቸው ነበር።

«ያው ኮሮናው ነው አባባ!»

«ታዲያ ለምን እንደዚያ ይሉታል?» አሉ። ጉርሻው ግን እጃቸው ላይ ነበር። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ጠበቁኝ። ከዚያ ሳህኑን ይዘው ወጡ። ከሕመሙ ሁሉ ዛሬም የሚያመኝ ያ ነው።

ወዲያው ዶክተሬ ጋ ደወልኩ። በእርጋታ አስረዳችኝ፦ «ምርመራው የሚያገኘው የቫይረሱን ስብርባሪ ሊሆን ይችላል። ፒሲአር የሞተውን በሕይወት ካለው አይለይም። ምልክቱ ከጠፋልሽ ቆይቷል፤ አሁን ታስተላልፊያለሽ ብዬ አልሰጋም።» ያ ያረረ ሽንኩርት ትዝ አለኝ፤ ድስቱ ታጥቦ እንኳ አባባ «መጋረጃውን ሽታው አለቀቀውም» እያሉ ሲያማርሩ ሰንብተዋል።

ቢሆንም ልቤ አላመነም። አባባ በሳሉ ቁጥር ድርቅ እላለሁ። ተመርምረው ነፃ መሆናቸው እስኪነገረን ድረስ በሬን አልከፈትኩም።

እንደኔ ተሽሏችሁ ምርመራው አልለቅ ያላችሁ፣ ተስፋ አትቁረጡ፣ ሐኪማችሁንም ደጋግማችሁ ጠይቁ። በሽታ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ጉዳይ ግን ሌላ ነውና በእኔ እንዳይመራ። ለቤታችሁ አዛውንት ደግሞ የበሽታውን ስም ጠርታችሁ፣ በሚገባቸው ቃል ንገሯቸው፤ እኛ ቤት አንድ ቃል ብዙ አስለቅሳለች። ደጋግሜ ስጠይቃት ያልሰለቸችኝን ዶክተሬን እግዜር ይስጥልኝ።

በሩን በከፈትኩ ቀን ሽሮውን እኔ ሠራሁ፤ ሳህኑ አንድ ነበር። አባባ አጎረሱኝ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው ሁለተኛውን ደገሙኝ። ሦስተኛውን ጠቅልለው ትንሽ ያዙት።

«ይሄ የወንድምሽ ነው» አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ።