ነካሪዋ ያስቀረቻት ሎሚ

ክር ነካሪዋን አርባ ዓመት ያኖራት የከርከዴ አበባ ነው። ደማቅ ቀይ ፈልጎ ከደጇ ያልቆመ ሸማኔ የለም። እጇ እስከ ክርኗ ቀልቶ ስለሚውል የሰፈሩ ሰው «ሥጋ ሻጯ» እያለ ይቀልድባታል። አብራ ትስቃለች፤ ብልሃቷን ግን ለማን ብላ! ሙያ በልብ ነው። ያስተማረቻት አሮጊት እንኳ የመጨረሻዋን ነገር የነገረቻት ልትሞት ስትል ነው። ነካሪ ሲያስተምር አንዲት ነገር ያስቀራል፤ እንዲህ ነው የለመዱት።

እንደ ልጇ ያሳደገቻት የእህቷ ልጅ ተምራ ላቦራቶሪ ገባች። እዚያ መስታወት ላይ ነጭ ዱቄት ይቀቡና በአበባ ቀለም ነክረው ከፀሐይ ኤሌክትሪክ ያወጣሉ። ይገርማል እኮ፣ መስታወት እንደ ክር ሲነከር! ችግሩ ቀለሙ በሦስት ቀን ይነጣል፣ ኃይሉም አብሮ ይደክማል። አለቃዋ በሦስት ወር ካላስተካከለችው ሥራው እንደሚዘጋ ቁርጡን ነገራት። ማን አላት? ወደ አክስቷ መጣች።

አክስትየዋም አጠገቧ አስቀምጣ አሳየቻት፤ ስንት እፍኝ አበባ እንደሚገባ፣ ስንት ሰዓት እንደሚዘፈዘፍ፣ በምን እንደሚጠለል። የሎሚዋን ነገር ግን ዋጥ አደረገችው። ቀለሙን ይዞ የሚያቆየው ደግሞ ሎሚው ነው። ክፋት አልነበረም፣ ምላሷ እምቢ ብሏት እንጂ። ልጅቷ ሦስት ጊዜ የቀረ ነገር እንዳለ ጠየቀቻት፤ ሦስቴም «ምን ይቀራል?» አለቻት።

ከዚያ በኋላ አክስትየዋ እንቅልፍ አጣች። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስትል ሦስቱ ወር አለቀ። አንድ ቀን ጠዋት ሥራዋን ጥላ ላቦራቶሪው ድረስ ሄደች። ልጅቷ የነጡትን መስታወቶች በጋዜጣ እየጠቀለለች ካርቶን ውስጥ ስትከት አገኘቻት። አክስትየዋ ቆማ፣ ላብ በላብ ሆና፣ የሎሚውን ነገር አንድ ሳታስቀር ተናዘዘች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ልጅቷ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

«ሥራው አልተሳካም የሚለውን ሪፖርት ትናንት ፈርሜ አስገባሁ፣ አክስቴ።»

«ቅደጂውና ሌላ ጻፊ፣ ልጄ።»

«አለቃዬ አሠራሩ ላይ የጎደለ ነገር ይኖር ይሆናል ብሎ አንድ ወር ሊጨምርልኝ ነበር። እኔ ነኝ አይ፣ ያስተማረችኝ አክስቴ ናት፣ ከኔ የምትደብቀው የለም ያልኩት።»