የተዋስኩት አባት

የሂሳብ መምህራችን የፈተና ወረቀቴን ለብቻው ይዞ ክፍል ገባና፣ «አንቺ፣ ነገ ወላጅ ይዘሽ ነይ!» አለኝ። ክው አልኩ። ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ጥፋቴን አውቀዋለሁ፤ አንዱ ጥያቄ፣ ጎኖቹ አራት፣ አምስትና አሥር ሜትር የሆኑ ባለ ሦስት ማዕዘን መሬት ስፋቱ ስንት ነው ይላል። እኔ ደፋሯ፣ «እንዲህ ያለ መሬት የለም፤ ሁለቱ ጎኖች ተደምረውም አሥር አይሞሉም» ብዬ ጻፍኩበት። መምህርን ተሳስተሃል ማለት እኮ ነው! ምናለ እጄን በቆረጠው!

አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ባለፈው ዓመት ከሌላ አስተማሪ ጋር ተከራክሬ ሲጠራ፣ «ሁለተኛ በአንቺ ነገር ከተጠራሁ፣ ትምህርቱ ይቀርና ቂሊንጦ ፋብሪካ ትገቢያለሽ» ብሎ ምሎ ነበር። እሱ ደግሞ ከማለ አለቀ። ከሂሳብ ደብተሬ ተለይቼ መኖር የምችል አይመስለኝም ነበር።

እኛ ሰፈር ታዲያ መላ አይጠፋም፤ ወላጅ አምጣ የተባለ ልጅ ወላጅ ይዋሳል። ከስልጤ የመጣው የሰፈራችን ባለሱቅ ለስንቱ ልጅ አባት ሆኖ ይቅርታ ጠይቋል። «ጋሼ፣ በሞቴ» ብዬ ለመንኩት።

«አንቺም? ጨዋ መስለሽኝ!» አለና ስቆ፣ በነጋታው ኮቱን ለብሶ መጣ።

ቢሮ ስንገባ መምህሩ ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠው። ባለሱቁ አፍታም አልሰጠው። «ይቅር ይበሏት መምህር፤ በሚገባ ቀጥቻታለሁ፤ ሁለተኛ አይለምዳትም!»

«ምን አጥፍታ?» አለ መምህሩ ደንግጦ። ወረቀቴን ዘረጋለት። ለካ ያንን ጥያቄ ሆን ብሎ ነው በየዓመቱ የሚያወጣው። ተማሪው ሁሉ አራትን በአምስት አባዝቶ፣ ለሁለት አካፍሎ ያልፋል። «የለም ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ለጎበዝ ልጆች የተከፈተ አዳሪ ትምህርት ቤት ላስመዘግባት ነው። ቀኑ ዛሬ ያበቃል፤ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

ኧረ ጉድ! ባለሱቁ እስክሪብቶውን እንደያዘ በድን ሆነ። እኔማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«የማይፈርሙት ሴት ስለሆነች ነው?» አለ መምህሩ ቆጣ ብሎ።

«ወላሂ፣ እንዲህ ያለች ልጅ ብትኖረኝ በአሥር ጣቴ እፈርም ነበር» አለና እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «አባቷ አይደለሁም።»

መምህሩ ወረቀቱን አንስቶ፣ «ወደ አባትሽ ምሪኝ» አለኝ። ባለሱቁም ተከተለን። አባቴን ቃሊቲ መንገድ ዳር፣ መኪናው ሥር ተኝቶ ቡሎን ሲያጠብቅ አገኘነው። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ደረሰ። መምህሩ ከሀ እስከ ፐ ነገረው። ይጮኻል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልጮኸም። ግሪስ በነካው እጁ ፈረመ፤ የአውራ ጣቱም ምልክት ወረቀቱ ላይ ቀረ። ከዚያ ወደ ባለሱቁ ዞሮ፣ «የልጄን ጉብዝና ቀድመህ የሰማኸው አንተ ነህ ማለት ነው» አለው። ቢገርፈኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ እኔም ዩኒቨርሲቲ ሂሳብ አስተምራለሁ። የተመረቅሁ ቀን አባቴ አዲስ ሱፍ ለብሶ መጣ፤ አዳራሹ በር ላይ ሲደርስ ግን ቆመ።

«ምነው አባዬ? ግባ እንጂ» አልኩት።

«ዛሬ የምገባው እኔ ነኝ?» አለኝ። እየቀለደ አልነበረም።