ፊቱን ወደ ምሥራቅ

ሞጣ ዳር፣ በድሮው የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ አንድ አሮጌ የጦር አውሮፕላን ቆሞ ነበር። ሞተሩ ተፈቶ ከተወሰደ ቆይቷል፤ ጎማው እስከ ግማሹ ድረስ መሬት ገብቷል። ለከተማው ሰው የተጣለ ብረት ነው። ለእናቴ ግን የልጇ መቃብር ነበር።

እዚያ ያሳረፈው ታላቅ ወንድሜ ነው። ሞተሩ አየር ላይ እምቢ ሲለው፣ አገሩ ነውና ሜዳውን አልሳተውም። በእግሩ ቤት ገብቶ፣ ራቱን በልቶ አደረ። ከዚያ ወደ ምድቡ ተመለሰ፤ በሌላ አውሮፕላን ወጥቶ በዚያው ቀረ። አስከሬኑ አልመጣም። እኛ ፎቶግራፉን ይዘን ስናለቅስ እናቴ እንባ አልወጣትም። «ያልቀበርሁትን አላለቅስም» ብላ አፏን ዘጋች። በየሙት ዓመቱ ግን ሜዳው ድረስ ሄዳ ሣሩን ታጭዳለች፣ የተርብ ቤቱን ታወርዳለች፣ ውስጡን ትጠርጋለች።

እኔ ቢቸና አስተማሪ ነኝ። አንድ ቀን ስልክ ተደወለልኝ። ሜዳው ለቤት መሥሪያ ተፈልጓል፤ አውሮፕላኑን ወይ ሙዚየም ይወስደዋል፣ ወይ ተቆራርጦ ለብረት ይሸጣል፤ እናቴ ደግሞ በሩ ላይ ተቀምጣ አልነሣም ብላለች። እየተቃጠልሁ ሞጣ ገባሁ።

እውነትም ነጠላዋን ተከናንባ የአውሮፕላኑ በር ደፍ ላይ ተቀምጣለች። ከሙዚየሙ የመጡት ባለሙያዎች ራቅ ብለው ቆመዋል፤ ማንም ሊነካት አልደፈረም። አለቃቸው፣ ጸጉሩ የሸበተ ሰውዬ፣ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ፣ «እናቴ፣ ምን ብናደርግልዎት ይፈቅዳሉ?» አላት።

«ልጄ፣ ሌላ አልጠይቅህም። ስታሳርፉት ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጉልኝ፤ እንደ ሰው።»

«ሙዚየሙ ያሉት አውሮፕላኖች ሁሉ ተሰልፈው ወደ በሩ ነው የሚያዩት። አለቆቼን እጠይቃለሁ እንጂ ቃል አልገባልዎትም» አለ ሰውዬው።

ደሜ ፈላ። ለአንዲት አሮጊት እሺ ብሎ ቢዋሽ ምን ነበረበት? እናቴ ግን አፈሯን አራግፋ ተነሣች። «የማይዋሽ ሰው ነው፤ ይውሰደው» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል። ሰዎቹ አውሮፕላኑን የፈቱት ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው ነው። እያንዳንዱን ቡሎን ምልክት አሥረው በጨርቅ ከረጢት አስቀመጡት። የከረመውን ዘይት ጠብታ ሳያስቀሩ ቀዱት። አንዱ ወጣት የአውሮፕላኑን ሰውነት ፈተግ ፈተግ ሲያደርግ አለቃው እጁን ያዘው። «እድፉን ብቻ! ቀለሙ የራሱ ነው» አለው። ክሬኑ ክንፉን ብድግ ሲያደርገው ሜዳውን የሞላው ሕዝብ ትንፋሹን ዋጠ። ያን ሁሉ ዓመት ብረት ነው እያልሁ አልፌዋለሁ፤ እንዲህ ግዙፍ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

አውሮፕላኑን የጫነው ተሳቢ መኪና በማግስቱ ቢቸናን ሲያቋርጥ መንገድ ዳር ቆሜ ነበር። የገበያ ቀን ነው። ጎልማሶች በደረቅ የባሕር ዛፍ እንጨት የመብራት ሽቦውን ከፍ እያደረጉ ያሳልፉታል። የማን እንደሆነ ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንድ በርበሬ ነጋዴ ሚዛኑን ትቶ ተነሣ። ገበያው ሁሉ ዓይኑን አውሮፕላኑ ላይ ተከለ፤ እኔ ሰዉ መሀል ቆሜ ስንሰቀሰቅ የሚያየኝ ሰው አልነበረም። ተሳቢው ወደ ዓባይ በረሃ አመራ።

ወራት አለፉ። ተስፋ ቆርጬ ነበር። አንድ ጧት የሙዚየሙ ሰውዬ በስልኬ ፎቶግራፍ ላከልኝ፤ ያለ ምንም ጽሑፍ። በአውቶቡስ ሞጣ ሄጄ ለእናቴ አሳየኋት።

«መቼ የተነሣ ነው?» አለች።

«ዛሬ ጧት፣ እማየ።»

የታጠበውን ሰውነት፣ የተገጠመውን ክንፍ አላየችም። ጣቷን መሬቱ ላይ አድርጋ ጥላውን ፈለገች። የሌሎቹ አውሮፕላኖች ጥላ በጎናቸው ወድቋል፤ ፊታቸው ወደ በሩ ነው። የኛው ብቻውን ከሰልፉ ዞሮ፣ ጥላውን ከጭራው ኋላ ዘርግቶ፣ ፀሐይዋን ፊት ለፊት ያያል።

«ተቀበረልኝ» አለች እናቴ፤ ደረቷን መታችና ጮኸች። እንደዚያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። ጎረቤቶች ደንግጠው እየሮጡ መጡ፤ ማን ሞተ ብለው ጠየቁኝ።

ወንድሜ አልኋቸው።