ወደ ደርግ ዘመን የተመለሰው ኮምፒውተር

«ልጄ እኮ ኮምፒውተሩን ወደ ደርግ ዘመን መለሰው!» እናቴ አሁን ለጎረቤታችን ለፋጡማ በአጥር ላይ ስትነግራት ሰማሁ።

«አቦ! ምን አጥቶ? የቀበሌ ሰልፍ ናፈቀው?» አለች ፋጡማ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ወንድሟን ለማፈላለግ ያስጻፈችው ማመልከቻ የሚከፈተው በድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሬ ውስጥ ቨርቹዋል ማሽን ፈጠርኩ፤ ማለት ሌላ ኮምፒውተር በውስጡ አስመሰልኩና አሮጌውን ዊንዶውስ ጫንኩበት። እዚህ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈራችን መብራት ሁለቴ ስለጠፋ ሁለቴ ጫንኩት።

ፕሮግራሙ የአገልግሎት ጊዜዬ አልፏል ብሎ እምቢ አለ። የውስጠኛውን ማሽን ቀን ወደ ኋላ መለስኩት፤ አምኖ ተከፈተ። እንዲህ በቀላሉ የሚያምን መሥሪያ ቤት አጋጥሞኝ አያውቅም።

ማመልከቻው «ወንድሜ ለውትድርና ሥልጠና ሁርሶ ገብቶ እስካሁን አልተመለሰም» ይላል።

እናቴ ከኋላዬ ቆማ ቀኑን ስቀይር አይታለች።

«እስከ የት ይመለሳል?»

«ለምን እማዬ?»

«እንዲያው። እሱ ከመሄዱ በፊት ያለው ቀን ላይ ብታቆምልኝ ብዬ።»

እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። «መጣሁ፣ እንዳትዘጋው» ብላ ወደ አጥሩ ወጣች።

እሷ ስታወራ እኔ ዓመቶቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ ስመልስ ቆየሁ።

እናንተስ፣ ቤታችሁ ማሽኑ የማይችለውን የጠየቃችሁ ሰው አለ? ምን ብላችሁ መለሳችሁ? ቶሎ ጻፉልኝ፣ ወሬያቸውን እየጨረሱ ነው።

የማሽኑ ቀን ወደ ኋላ ሲመለስ፣ በእኛ አቆጣጠር ከ1972 ታኅሣሥ አያልፍም። አጎቴ ሁርሶ የገባው በ1970 ነው።